ኤርባጉ ነው የቆረጠው፤ ማንን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ጣርማ በር አካባቢ ከፊቱ የነበረ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨ። ግጭቱ ቀላል ነበር፤ የተጎዳው መብራትና ኮፈኑ ብቻ ነው። ግን ኤርባጉ ፈንድቶ አንገቱን ቆረጠው፣ ሐኪሞች ከቁስሉ ብረት አወጡ። መኪናው ያገለገለ የጃፓን ስሪት ነው፣ አምና ከነጋዴ ነው የገዛነው። ነጋዴው «ኤርባግ እንዲህ ነው፣ ነፍሱን ስላተረፈ አመስግኑ» ይለናል። ካሳ የመጠየቅ መብት አለን?
ሀ.፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ወንድምሽን አተረፈልሽ። የነጋዴውን ወሬ ግን አትቀበይ። ደህናው ኤርባግም ፊት ሊልጥ፣ ጆሮ ሊያደነቁር ይችላል። ብረት ግን አይተፋም። ከቁስል ብረት ከወጣ፣ የኤርባጉን ከረጢት የሚነፋውን ጋዝ የሚያመነጨው የብረት ዕቃ ራሱ ተፈረካክሶ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ይህ ጉድ በዓለም የታወቀ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤርባጎቹን የሚነፋው በአሞኒየም ናይትሬት ነበር፤ ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሽና ሲቀጣጠል ከልክ በላይ ፈንድቶ የብረት ቤቱን ወደ ሹፌሩ ይበትነዋል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ የታካታ ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፣ በዚያው ዓመትም ከሰረ። ዕቃው ግን በብዙ ታዋቂ ስሞች መኪና ውስጥ ገብቷል። እኛ ጋ ደግሞ ብዙው መኪና ያገለገለ ነው፤ በዱባይ ዞሮ የመጣ መኪና ኤርባጉ ይቀየርለት አይቀየርለት ገዢው በምን ያውቃል? የወንድምሽ መኪና ላይ የነበረው ይኸው ይሁን ሌላ፣ የሚለየው ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መኪናውን አታሠሩት። መኪና ቆሞ ሲውል ኪስ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ግን ጋራዥ ገብቶ መሪው ከተፈታና የፈነዳው ኤርባግ ከተጣለ ማስረጃችሁም አብሮ ተጣለ። ባለበት ይሸፈን፣ ሳይነካ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሳ። ከቁስሉ የወጣው ብረት ሐኪም ቤት ካለ ተረከቡት፣ ብረት መውጣቱም በሕክምና ማስረጃው ላይ በግልጽ ይጻፍ። የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን፣ የሽያጭ ውሉንና የሊብሬውን ኮፒ አንድ ላይ ያዙ። በሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ለኤርባግ ተጠርቶ እንደሆነ በአምራቹ ድረ ገጽ ወይም አዲስ አበባ ባለው ወኪሉ ማጣራት ይቻላል። መድን ካለው ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ምንም አትንኩ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ጉድለቱ በተለመደ ፍተሻ የሚታይ ከሆነ ግን ያመልጣል። መሪ ውስጥ የተደበቀን ኤርባግ ደግሞ ማን ፈቶ አይቶ ይገዛል? ጃፓን ያለን አምራች መክሰስ ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም፤ ጉዳዩም የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የሚቀርባችሁ ሻጩና አስመጪው ናቸው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጎዳ ሸማች አምራቹን፣ አስመጪውንና ቸርቻሪውን በተናጠል ወይም በጋራ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ለነጋዴው ጉድለቱን ዛሬ ነገ ሳትሉ በጽሑፍ አሳውቁት፤ በሽያጭ ውሉ በኩል የሚቀርብ ክስ ካሳወቃችሁ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለው። የአካል ጉዳት ካሳ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ሽምግልና ከተቀመጣችሁም ቀኑን ቁጠሩ፤ በሽማግሌ እየተመላለሰ ጊዜው ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። ጠበቃ ያዙ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ለሹፌሩ ጉዳት አይከፍልምና እሱን ተስፋ አታድርጉ።

ጥያቄ፦ የኤርባጉ ቀይ መብራት አልጠፋ ብሎኝ ጋራዥ ብወስደው «ኤርባጉን ነቅለን መብራቱን እናጥፋልህ» አሉኝ። ላሠራው?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ አይሆንም። መብራቱ መኪናው ሲነሳ ለጥቂት ሰኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ሥርዓቱ ተበላሽቷል፣ በግጭት ጊዜም ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። መብራቱን ብቻ ማጥፋት ብልሽቱን መደበቅ ነው፤ ነገ መኪናውን ስትሸጠው የሚገዛህን ሰው ታታልላለህ። ኤርባግ ፈንጂ ነገር ስላለው ያልሠለጠነ ሰው አይፍታው፣ ከሌላ መኪና የተነቀለም አትግዛ። በኮምፒውተር የሚመረምር ጋራዥ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ፈልግ። እስከዚያው ቀበቶህን እሰር፣ ደረትህ ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ልጆችን ከኋላ አስቀምጥ።