ስለ ናኖፓርቲክል ለጠየቃችሁኝ ተማሪዎች

በቅርቡ አንድ የሕክምና ተማሪ፣ የሕፃናትን የዓይን ካንሰር ማለትም ሬቲኖብላስቶማን በናኖፓርቲክል (መድኃኒት በሚሸከም እጅግ ረቂቅ ቅንጣት) ስለ ማከም ቢመራመር ያዋጣው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው ሬዚደንት (ስፔሻላይዜሽን የምማር ሐኪም) ሳለሁ ያየኋትን አንዲት ሕፃን አስታወሰኝ።

የሕፃኗ ግራ ዓይን አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። በቀኙ የነበረው ዕጢ በደም ሥር በተሰጣት ኬሞቴራፒ ቢቀንስም፣ ብሌኗን በጠብታ አስፍተን ስንመለከት ከዕጢው የተበተኑ ነጫጭ ብናኞች በዓይኗ ውስጥ ባለው ዝልግልግ ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ይህ ፈሳሽ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው መድኃኒቱ በበቂ መጠን አይደርሰውም፤ መጠኑን እንዳንጨምር ደግሞ የነጭ የደም ሕዋሶቿ ቁጥር አሽቆልቁሏል። ሁለተኛውም ዓይን መውጣት እንዳለበት ሲነገራት እናቷ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ይህ ሁሉ መድኃኒት ዓይኗ ካልገባ የት ሄደ?» አለች። ከታላላቆቼ መካከል የመለሰላት አልነበረም፤ እኔም የምለው አልነበረኝም።

ናኖፓርቲክል የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ካርቦፕላቲን የተባለው ፀረ ካንሰር መድኃኒት ሳይታሸግ በዓይን ዙሪያ ሲወጋ ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል፣ በአካባቢው ያለውን ሥጋም ይጎዳል፤ በረቂቅ ቅንጣት ሲታሸግ ግን ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ማድረግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ወግተው የአይጦች ዕጢ መቀነሱን አሳይተዋል። ነገር ግን የአይጥ ዓይን ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሕፃን ዓይን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዛሬ ሜልፋላን የተባለውን ሌላ ፀረ ካንሰር መድኃኒት በቀጭን መርፌ በቀጥታ ወደ ዓይን ውስጥ መውጋትም ሆነ ዓይንን በሚመግበው ደም ቅዳ በኩል መስጠት ስለተቻለ፣ አዲሱ ቅንጣት መብለጥ ያለበት እነዚህን ነው።

የዛሬ ወጣቶች ጥናት ለማሳተም ትቸኩላላችሁ፤ ከስልካችሁም አትነሡም። ይሁን እንጂ በፍላሽ በተነሣ ፎቶ ላይ የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ ሲታይ ከሐኪም ቀድሞ በሽታውን የሚያጋልጠው ያው ስልክ መሆኑን አልክድም።

ስለዚህ ልግባበት ካላችሁ፣ ከዕጢው መቀነስ በተጨማሪ መድኃኒቱ በሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን)፣ በዓይን ፈሳሽና በደም ውስጥ ምን ያህል እንደተገኘ ለየብቻ የሚለካ ቤተ ሙከራ ምረጡ፤ ይህን የማይለካ ቡድን ገንዘብ ቢኖረውም አልመክራችሁም።