ጥያቄና መልስ፦ ትራፊክ ፖሊስ ስለ ተሽከርካሪ ብልሽት ሲያስጠነቅቅ

በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የፍሬን መብራቴ እንደማይበራ ተነግሮኝ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የዘንድሮ ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት) እያለኝ ለምን እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ቦሎው የሚመሰክረው ተሽከርካሪው በተመረመረበት ዕለት ብቁ እንደነበረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለተቃጠለ አምፖል ዋስ አይሆንም። ዓመታዊው ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002፣ የመንገድ ላይ ቁጥጥሩ ደግሞ በሌላ የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ የሚመራ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። አምፖሉ ተቀይሮም ካልበራ ፊውዙን፣ ቀጥሎም ከፔዳሉ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ያስፈትሹ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በአይሱዙ ላይ ተቀጥሬ የምሠራ ሹፌር ነኝ። ፖሊስ የኋላ ፍሬኑ በደንብ እንደማይዝ ጽፎ ሰጥቶኛል። ባለንብረቱ ግን «ይህን ጭነት ሸዋ ሮቢት አድርስና ስትመለስ ይሠራል» ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይውረዱ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ የሚገኘው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ያለውን ይህን ቁልቁለት ጭነት ይዞ፣ ለዚያውም በደከመ ፍሬን መውረድ፣ ጥገናውን ለመልስ ጉዞ የሚያቆይ አይደለም።

ከሕግ አንጻርም ያ ወረቀት ብልሽቱን ማወቅዎን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ «አላወቅሁም ነበር» የሚል መከራከሪያ አይኖርዎትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከት ሲሆን፣ ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ተጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሞተው ሲገኙ ቅጣቱን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያደርሰዋል። ባለንብረቱም ቢሆኑ አያመልጡም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ይህንኑ በአክብሮት ያስረዷቸው፤ የማስጠንቀቂያውንም ፎቶ ከአጭር መልእክት ጋር ይላኩላቸውና ቅጂው ከእጅዎ አይጥፋ። የእንጀራ ጉዳይ እንደሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም እሥር ቤት የሚገቡት በቅድሚያ መሪውን የያዙት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ከጣርማ በር ስወርድ የፍሬን ፔዳሉ ይላላል፤ ሲበርድ ግን ይመለሳል። ፖሊስ «አሠራ» ብሎኛል፣ ጋራዡ ግን ችግር አላገኘበትም።

መልስ፦ ጋራዡ ያላገኘው ፍሬኑ በርዶ ሳለ ስለመረመረው ሊሆን ይችላል። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ሲገባው ግን ዝቅተኛው መለኪያ 155 ዲግሪ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ እግርዎ ሲረግጥ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ኃይሉም ጎማው ዘንድ አይደርስም። ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ስለሚመለስ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ከላይ ጨምረው እንዲሞሉት ሳይሆን አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ፣ በፍሬን መስመሩ ውስጥ ያለው አየርም በየጎማው ፍሬን በኩል እንዲወጣ ይጠይቁ። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አጥብቀው ይዘው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ በዝግታ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ማፍሰስ ስላለ ዘይት መቀየር ብቻውን አይበቃም። ሲወርዱም ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ያድርጉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድን እንደ ሙያ የሚቆጥሩ ሹፌሮች አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋር ተሳፋሪ መሆን አልፈልግም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ጎማው አልቋል የሚባለው መቼ ነው?

መልስ፦ በጥርሶቹ መካከል ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ በመኪና ጎማ ላይ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ይቀየር። ሽቦ የታየበት ወይም ጎኑ ያበጠ ጎማ ግን ጥርስ ቢኖረውም አይነዳም።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ ፖሊሱ አለ ባለው ብልሽት ባልስማማስ?

መልስ፦ መንገድ ዳር መከራከር አያዋጣም። ብልሽቱ «ቴክኒክ ጉድለት» ተብሎ በደፈናው ሳይሆን በስሙ ተለይቶ እንዲጻፍልዎ በትሕትና ይጠይቁ፤ መብራት ወይም ፍሬቻ ከሆነ እዚያው አብርተው ያሳዩ። ካልተግባቡ ወረቀቱን ተቀብለው መኪናውን በዚያው ቀን ያስመርምሩና የምርመራውን ውጤት ይዘው ለፖሊሱ የበላይ ኃላፊ ያመልክቱ።

ጥያቄ (ከጫጫ)፦ ቅጣቱን ከከፈልኩ በኋላ በሌላ ኬላ በዚያው ብልሽት ልቀጣ እችላለሁ?

መልስ፦ ብልሽቱ ካልተጠገነ አዎ፤ የተከፈለው ላለፈው ጥፋት እንጂ ለመንዳት ፈቃድ አይደለም። ከተጠገነ ግን የታርጋ ቁጥሩ፣ ቀኑና የተቀየረው ዕቃ የተጻፈበትን የጋራዥ ደረሰኝ ከሊብሬው (የተሽከርካሪው የባለቤትነት ደብተር) ጋር ይያዙ።