የዝናቡ ከተማ፣ የፀሐዩ ከተማ፦ ስለ አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከጅማ የደረሱን ደብዳቤዎች የሚጠይቁት ስለ አንድ አካባቢ ነው፤ ከካናዳዋ ቫንኩቨር እስከ ሜክሲኮ ድንበር ስላለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ። ወሬውም አብሮ ደርሷል፦ ሲያትል ሰው ይዘጋል፣ ኤል ኤ (ሎስ አንጀለስ) ሰው ያስመስላል፣ ፖርትላንድ የዕብድ አገር ነው። ወሬ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አዲስ ሰውን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ያላነሣው ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ሲያትል ሊገባ ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶች «ዝናቡ አያባራም፣ ሎስ አንጀለስ ይሻልሃል» እያሉ ያስፈራሩታል። ልጁ ደግሞ ጉንፋን አይለቀውም። ምን ትላላችሁ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሄርማታ

መልስ፦ በመጠን ከሆነ ጅማ ትበልጣለች። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ሲያትል 1,000 አትሞላም። የሚለየው አጣጣሉ ነው። እዚህ ዶፉ ወርዶ ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች። እዚያ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሰማዩ ተዘግቶ ሲያካፋ ይውላል። ጅማ በጭቃ በምትቦካበት በሐምሌና በነሐሴ ግን ሲያትል ደረቅ ናት።

ልጁን የሚፈትነው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ሲሆን ትጠልቃለች። ብርሃኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን እሱም በደመና የተሸፈነ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ጥር ላይ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ሥራ ያስጠላዋል፣ ስልክ አያነሣም። ቤተሰብ «ኮራብን» ብሎ የሚያኮርፈውም በዚሁ ወቅት ነው። መላው የታወቀ ነው። ደመና ቢሆንም ጠዋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደጅ መራመድ ይጠቅማል። ፈረቃው ጨለማ ውስጥ ከሆነ 10,000 ሉክስ የሚል የብርሃን መብራት ገዝቶ፣ ጠዋት ቁርስ እየበላ ለግማሽ ሰዓት ፊቱን ወደ መብራቱ አድርጎ መቀመጥ ነው። መብራቱ ማታ ከበራ እንቅልፍ ይነሣል። የዓይን ሕመም ወይም የስሜት መዋዠቅ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ስለሚፈልግ፣ የመጀመሪያው የጤና ምርመራ ላይ የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ እንዲታዘዝለት ይጠይቅ።

ልብስን በተመለከተ፣ ወፍራም ካፖርት አሸክማችሁ አትላኩት። ብርዱ ከዜሮ በታች የሚወርደው ጥቂት ቀን ነው። የሚያስፈልገው ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ስስ ጃኬት፣ ከሥሩ የሚደረብ ሹራብና ውሃ የማያስገባ ጫማ ነው።

ጉንፋኑን ዝናቡ አያመጣውም። ይልቅ ኪራዩ ረከሰ ብሎ የሚገባበትን ምድር ቤት ይጠንቀቅ። ከመፈረሙ በፊት የመስኮቱን ማዕዘንና የቁም ሣጥኑን ጀርባ ይይ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ይተወው። «ጉንፋን» የሚባለው አስም ከሆነ ደግሞ ኤል ኤ ማምለጫ አይሆንም። በነሐሴና በመስከረም የሰደድ እሳት ጭስ ከቫንኩቨር እስከ ሳን ዲዬጎ ሁሉንም ይነካል። የአየር ጥራት መለኪያው ከ150 በላይ ሲሆን መስኮት ይዘጋል፣ ደጅ የሚወጣ ሰው ኤን 95 ማስክ ያደርጋል። የጨርቅ ማስክ ለጭስ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሲያትል ፊት ይነሣሉ፣ ኤል ኤ ሁሉም ወዳጅ ይመስላል ግን ውሸት ነው ይባላል። እውነት ነው?
ተመራቂ ተማሪ፣ ከቦሳ ኪቶ

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው፤ የሁለቱም ከተማ ችግር ደግሞ አንድ ነው። የሲያትል ሰው መንገድ ያሳያል፣ በር ይይዛል፣ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሾፌሩን ያመሰግናል፤ ቤቱ ግን አይጠራም። የኤል ኤ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ምሳ እንብላ» ይላል፤ ምሳው ግን አይመጣም። በሁለቱም ከተማ ቀንና ሰዓት ያልተቆረጠለት ግብዣ ሰላምታ ነው። ስለዚህ «አንድ ቀን ቡና እንጠጣ» ሲባል «ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እዚህ ካፌ» ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሁለቴ ተጠይቆ ሁለቴ «አይመቸኝም» ያለና ሌላ ቀን ያላቀረበ ሰው አልፈለገም ማለት ነው፤ ቂም የሚያስይዝ ነገር የለውም። ሰዓቱ ሲቆረጥ በነሱ አቆጣጠር ይሁን፤ «3 ሰዓት» ብሎ ጠዋት የሚጠብቅና ከሰዓት የሚመጣ አይገናኙም።

ሳይደውሉ ቤት መሄድ፣ ማለትም ጅማ የተለመደው «በዚህ ሳልፍ ነው የገባሁት»፣ ከቫንኩቨር እስከ ሳን ዲዬጎ ያስደነግጣል። ሲያትልና ፖርትላንድ ደግሞ ክላክስ መንፋት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ጓደኝነት የሚጀመረው በየሳምንቱ አንድ ቀን በሚደገም ነገር ነው፤ የእግር ኳስ ቡድን፣ የተራራ ጉዞ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አገልግሎት። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ሰው፣ ቢወደድም ይረሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ያኪማ በምትባል ከተማ ሥራ አገኘሁ ይላል። ዋሽንግተን ስቴት ነው አሉኝ፤ ታዲያ እንደ ሲያትል ናት?
አባት፣ ከጅረን

መልስ፦ አይደለችም። ስለ ምዕራብ ጠረፍ የሚነገረው ሁሉ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተንንና ፖርትላንድ ያለችበትን ኦሪገንን ለሁለት የሚከፍላቸው የካስኬድ ተራራ ነው። ከውቅያኖሱ የመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ዝናቡን በምዕራቡ ወገን ጥሎ፣ ምሥራቁን ደረቅ ይተወዋል። ከጅማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጊቤ በረሃ ሲወርድ ሁሉ ነገር እንደሚለወጥበት ማለት ነው። ያኪማ በዓመት ወደ 200 ሚሊ ሜትር ብቻ ይዘንብባታል። በመስኖ ፖምና ለቢራ የሚሆን ጌሾ መሰል ተክል፣ ሆፕ፣ ታመርታለች። ሐምሌና ነሐሴዋ ያቃጥላል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ይጥላል። ፖለቲካዋም ከሲያትል የራቀ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪው ብዙ ስለሆነ ልጅዎ ከእንግሊዝኛው ጎን ስፓኒሽ ቢለምድ ሥራ ላይ ይከፍለዋል።

ለእንጀራና ለበርበሬ ወደ ሲያትል 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ይኖርበታል፤ በመንገዱ ላይ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የስኖኳልሚ መተላለፊያ አለ። ከኅዳር እስከ መጋቢት መተላለፊያው በበረዶ ሊዘጋ ወይም የጎማ ሰንሰለት ግዴታ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይይ፣ ሰንሰለቱንም ደረቅ ግቢ ውስጥ ማሰር ይለማመድ።

ጥያቄ፦ በሰዓት 20 ዶላር በብር ሲመታ ብዙ ነው። ወንድሜ ግን ሲያትል ሆኖ «አይተርፈኝም» ይላል። ይዋሻል?
ነጋዴ፣ ከመርካቶ ጅማ

መልስ፦ አይዋሽም፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እ.ኤ.አ. በ2025 የሲያትል ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 20.76 ዶላር ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት፣ 52 ሳምንት የሠራ 43,180 ዶላር ያገኛል፤ በወር ወደ 3,600። የፌዴራል ታክስ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሜዲኬርና የስቴቱ ትንንሽ መዋጮዎች ሲቆረጡ ላጤ እጅ የሚገባው 3,000 ገደማ ነው። አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርትማ ወደ 2,000 ዶላር ይከራያል። ከዚህም የከፋው፣ አከራዮች በብዛት ከታክስ በፊት ያለው የወር ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ለ2,000 ዶላር ቤት 6,000 ማሳየት አለበት፤ በራሱ ገቢ የሚፈቀድለት 1,200 ዶላር ድረስ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል ይከራያል ወይም ከሰው ጋር ይደባለቃል። ዶላሩን በብር መትቶ ኑሮውን መገመት ዋናው ስሕተት ነው፤ ወጪውም በዶላር ነው።

ሌላው እንቅፋት ክሬዲት ነው፤ ማለትም ዕዳን በቀኑ የመክፈል ታሪክና ለሱ የሚሰጠው ነጥብ። ወንድምዎ እስካሁን ካልጀመረ 200 ወይም 300 ዶላር አስይዞ የሚሰጠውን የክሬዲት ካርድ ያውጣ፣ በወር ከካርዱ ጣሪያ ከሲሶ በታች ይጠቀም፣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ይክፈል። ነጥቡ ለመታየት ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። ካርዱን ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ የአንድ ክፍያ ቀን ማሳለፍ ግን ለዓመታት ይከተላል።

በታክስ በኩል ሦስቱ ስቴቶች ይለያያሉ። ዋሽንግተን ከደሞዝ የስቴት ገቢ ታክስ አይወስድም፤ ሲያትል ውስጥ ዕቃ ሲገዛ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጨመራል (ያልተዘጋጀ ምግብ ነፃ ነው)። ኦሪገን የሽያጭ ታክስ የለውም፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻ ነው፤ ከደሞዝ የሚቆርጠው ግን ዝቅተኛ ተከፋይንም ይሰማዋል። ኤል ኤ ያለችበት ካሊፎርኒያ ሁለቱንም ይወስዳል፣ የገቢ ታክሱ ከዝቅተኛ ተከፋይ ትንሽ፣ ከሀብታም እስከ 13.3 በመቶ ነው። ምግብ ቤት ለሚሠራ ደግሞ ሦስቱም ስቴቶች ጥሩ ናቸው፤ አስተናጋጁ ሙሉውን ዝቅተኛ ክፍያ ካገኘ በኋላ ጉርሻው ትርፉ ነው። ሌሎች ብዙ ስቴቶች ጉርሻውን ከክፍያው ይቀንሱበታል።

መኪናን አትርሱ። ሲያትል ውስጥ ቀላል ባቡሩ ሐበሻ በሚበዛበት በሬኒየር ሸለቆ አልፎ አየር ማረፊያው ድረስ በ3 ዶላር ይሄዳል፤ መኪና ሳይዙ መጀመር ይቻላል። ኤል ኤ አውቶቡሱ 1.75 ዶላር ቢሆንም ከተማዋ የተሠራችው ለመኪና ነው። ቤት ከመከራየት በፊት ካርታው ላይ መንገዱን በሥራ ሰዓት፣ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ማየት ነው። እሑድ 20 ደቂቃ የፈጀ መንገድ ሰኞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እዚያው ኤል ኤ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» የተባለችው ሠፈር ለምሳና ለቅመም ጥሩ ናት፤ አካባቢዋ ውድ ስለሆነ ግን ሐበሻው በብዛት የሚኖረው ተበታትኖ ነው።

ጥያቄ፦ ቫንኩቨርስ?
አጭር ደብዳቤ፣ ከኮቺ

መልስ፦ መጀመሪያ የትኛዋ? ከፖርትላንድ ወንዝ ማዶ፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሌላ ቫንኩቨር አለች፤ ትኬት ሲቆረጥ ይምታታል፣ ከካናዳዋ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የካናዳዋ ቫንኩቨር እንደ ሲያትል ጨለማ፣ በዝናብ ትንሽ የባሰች፣ በኪራይ የባሰች ናት። ሕክምናው በመንግሥት ይሸፈናል፤ ነገር ግን አዲስ ነዋሪ የገባበትን ወር ቀሪ ቀናትና ተከታዩን ሁለት ወር ይጠብቃል። ለዚያ ጊዜ የግል መድን ይግዛ፤ ብዙ ሰው ዕዳ ውስጥ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ጥያቄ፦ ፖርትላንድ ሁሉም ሰው ነፃና ቸር ነው ይላሉ። ታዲያ ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው የተገደለው የት ነው?
መምህር፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ፖርትላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ሙሉጌታን ሦስት ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው ገደሉት፤ ሦስቱም ተፈረደባቸው። በ1990 ደግሞ ዳኝነት የተቀመጡ ዜጎች ወጣቶቹን ያነሣሣውን ቶም ሜትዝገርንና ድርጅቱን ጨምሮ በተከሳሾቹ ላይ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወሰኑ። ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም፤ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1859 ስቴት ሲሆን ሕገ መንግሥቱ ጥቁሮች እንዳይሰፍሩ ይከለክል ነበር፣ አንቀጹም የተሰረዘው በ1926 ነው። ፖርትላንድ ዛሬም ከትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች መካከል ነጭ የሚበዛባት ናት።

የብስክሌቱ፣ የጺሙና የግድግዳ ሥዕሉ ከተማነቷም ሐሰት አይደለም። ለጾመኛም ትመቻለች፤ «ቪጋን» የሚል ምግብ ቤት ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይነካም። ግን ቸርነቷን ከታሪኳ ነጥሎ ማውራት ለአዲስ ሰው አይጠቅመውም። ዛቻ የደረሰበት ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የምስክሩን ስልክ በዚያው ቀን ይጻፍ፤ አደጋ ካለ 911 ይደውል። ከዚያ ውጭ የስቴቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ለጥላቻ ጥቃት የተለየ የስልክ መስመር አለው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ለዘመዶች ቡና ልልክ ነው። እዚያ ያሉት «የኛን ቡና አበላሽተው ነው የሚጠጡት» ይላሉ። ጥሬ ልላክ ወይስ ቆልቼ?
ቡና አቅራቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ እንደ ተቀባዩ ነው። የሲያትል ስም የተያያዘው እ.ኤ.አ. በ1971 እዚያ ከተመሠረተው ስታርባክስ ጋር ነው፤ አቆላሉም ጠቆር ያለ ነው። ፖርትላንድና ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉት አዳዲስ ቆይዎች ደግሞ ቡናው መጀመሪያ ጊዜ እንደ ፈነዳ ብዙም ሳይቆዩ ያወርዱታል። 15 ግራም በሚዛን መዝነው፣ 240 ሚሊ ሊትር ከ92 እስከ 96 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ ስኳር አያስገቡም። ለእኛ አፍ ኮምጠጥ ያለ፣ ጥሬ ይመስላል። ለነሱ የሊሙ ቡና ዋጋ የሚያወጣው በዚያው ጣዕም ነው። በዚህ አቆላል ጉድለት አይደበቅም፤ ያልበሰለ፣ ጥቁርና የተነቀዘ ፍሬ ካልተለቀመ ሲኒው ውስጥ ይታወቃል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ወዳጅ ጥሬውን በደንብ ለቅመው ይላኩ። ወደ አሜሪካ ዋና ምድር ጥሬም የተቆላም ቡና ይገባል፤ ጀንፈል ወይም ገለፈት ያለበት ግን አይገባም። ቋንጣም አይገባም፤ እዚያው ይወረሳል። መንገደኛው የያዘውን ምግብ ሁሉ ሲገባ ለጉምሩክ ያሳውቅ፤ ቅጣት የሚመጣው ከመያዙ ይልቅ ከመደበቁ ነው። ከዚህ ሲወጣም ገደብ ስላለ፣ ከመግዛትዎ በፊት ጉምሩክ ይጠይቁ።

ለእናት ለአባት ግን ቆልተው ይላኩ፤ አፓርትማ ውስጥ ቡና መቁላት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፤ የሕንፃው ሁሉ ከሆነ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል። የሚቆላ ሰው የምድጃውን ማራገቢያ አስቀድሞ ይክፈት፣ መስኮት ይክፈት፣ የኮሪደሩን በር ይዝጋ፣ በአንድ ጊዜ ከእፍኝ በላይ አይቁላ። ማጨሻውና ዕጣኑም ከማስጠንቀቂያው ሥር አይቀመጥ። የማስጠንቀቂያውን ባትሪ ማውጣት ግን ውል ማፍረስ ነው፤ አከራዩ ሊያስወጣው ይችላል።