የአያቴን የኮሪያ ደብዳቤዎች ልብ ወለድ ላድርጋቸው፤ ሥራዬን ልልቀቅ?

ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። በአንድ የግል ባንክ አምስት ዓመት ያገለገልሽ የሒሳብ ባለሙያ ነሽ። የእናትሽ አባት ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው ሳለ ለሴት አያትሽ የጻፏቸው አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች አክስትሽ ቤት፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተገኝተዋል። «ታሪኩ ያለቀለት ነው፤ የቀረው ቁጭ ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ስድስት ወር የሚያኖረኝ ቁጠባ አለኝ። ሥራዬን ልልቀቅ?» ብለሻል። አጎትሽ ደግሞ «የቤተሰብ ገመና አደባባይ አይወጣም» ብለው መቆጣታቸውን ከታች ጨምረሻል።

አትልቀቂ። ቁጠባሽ አንሶ አይደለም። ያሰጋኝ «ታሪኩ ያለቀለት ነው» ያልሽው ነው።

ቅጂውን የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ጥቅምት 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ይላል። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ላሚቱ ወልዳ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የቤት ኪራዩ በወቅቱ እንዲከፈል ያሳስባል፤ ለጎረቤት ሁሉ በየስማቸው ሰላምታ ያቀርባል። ስለ ጦርነቱ አንድ መስመር የለም። «እዚህ ብርዱ ብርቱ ነው» ይላል፤ በቃ። ቃኘው የተመደበበት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ግን ጥቅምት 4 ቀን፣ ማለትም ደብዳቤው ከመጻፉ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከኩምህዋ በስተሰሜን በሚገኘው ትራያንግል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ማጥቃት ጀምሮ ነበር። ይህ ማለት አያትሽ በዚያ ቀን እዚያ ኮረብታ ላይ ነበሩ ማለት አይደለም። የት እንደነበሩ ገና ፈልገሽ የምታገኚው ነው። እስክታገኚው ድረስ በእጅሽ ያለው የላም ወሬ ነው፤ የላም ወሬ ደግሞ ታሪክ የሚሆነው በዙሪያው ያልተጻፈው ሲታወቅ ብቻ ነው።

ሴት አያትሽ ማንበብ እንደማይችሉ ጽፈሽልኛል። እንግዲያው ደብዳቤውን ሌላ ሰው ያነብላቸው ነበር፤ ምናልባት ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። ወታደሩም ይህንን ያውቃል። «ናፈቅሽኝ» የምትለዋ ቃል በሰው አፍ እንደምትነገር፣ «ጓደኛዬ ሞተብኝ» ቢል የጓደኛው እናት ዘንድ ማታውኑ እንደምትደርስ እያወቀ ነው የጻፈው። ስለዚህ የደብዳቤው ደረቅነት የስሜት ማነስ መስሎ አይታይሽ። አደባባይ ላይ እንደቆመ ሰው ነበር የሚናገረው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ቋንቋው ላይ ነው። የላክሽልኝ ሦስት ገጽ ናሙና እንዲህ ይጀምራል፦ «አያቴ ጠመንጃቸውን አንስተው ወደ ምሽጉ ወረዱ።» አክብሮትሽ ደስ ይላል፤ እንደ ልብ ወለድ ግን አይራመድም። በኮሪያ ምሽግ ውስጥ አያት አልነበረም። የነበረው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፤ የሚፈራ፣ በሌሊት ጥበቃ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ምናልባትም ያላገባትን ሌላ ሴት የሚያስብ። «እሳቸው» እያልሽ ይህን ሰው ልታስፈሪው፣ ልታሳስቺው፣ ልታዋሺው አትችዪም፤ እጅሽ ይታሰራል። «ጠመንጃውን አንስቶ ወደ ምሽጉ ወረደ» ብለሽ ስትጽፊ መጀመሪያ ያሳፍርሻል። ሌላ ስም ስጪው። የእሳቸው ያልሆነ ጠባይ ስጪው። አጎትሽ የፈሩትም አባታቸው «አንተ» ተብለው አደባባይ መውጣታቸውን ይመስለኛል፤ ስሙ ሲለወጥ ግማሹ ቁጣ ይበርዳል።

ግማሹ ግን አይበርድም፤ ሕግም አለበት። ቆርቆሮው አክስትሽ ዘንድ ይሁን እንጂ የተጻፈው ቃል ላይ ያለው መብት የወራሾች ሁሉ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ደራሲው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አያትሽ በ1991 ዓ.ም. ስላረፉ ገና ብዙ ዘመን ይቀረዋል። ደብዳቤዎቹን ቃል በቃል የምታትሚ ከሆነ የአክስትሽንም የአጎትሽንም ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። ፊርማውን ከመጽሐፉ በፊት ጠይቂ፤ መጽሐፉ ከወጣና ሁለት ብር ካስገኘ በኋላ የዘመድ ፊርማ ይወደዳል።

ምርምሩን ከሰው ጀምሪ። ከኮሪያ ዘማቾች ዛሬ በሕይወት ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ዘጠና አልፏል። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር የመታሰቢያ ሐውልታቸው ይገኛል፤ የማኅበራቸውን ሰዎች ለማግኘት ከዚያ ብትነሺ ይቀልሻል። ስትሄጂ ስለ ጀግንነት አትጠይቂ፤ ስለ እሱ ደጋግመው ተናግረዋል። ምን በላችሁ፣ ጫማችሁ በረዶውን ቻለው ወይ፣ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ማን ነበር በያቸው። ቀጥሎ ወደ ወመዘክር፣ ማለትም ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሄደሽ የ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን እትሞችን ገልብጪ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለልሽ። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የአሜሪካኖቹ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1943 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆናለች፤ የ1944 አዲስ ዓመት የዋለው በፈረንጅ መስከረም 12 ነው። የመጀመሪያውን ቃኘው ከመስከረም እስከ የካቲት 1944 የሚመለከት ቀን በደፈናው ከቀየርሽ በአንድ ቀን ትስቺያለሽ። በሒሳብ ሥራ አንድ ቀን ምን እንደሚያደርግ ለአንቺ አልነግርሽም።

ደግሞም ታሪኩ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት አያልቅም። እኔ ብሆን ግማሹን መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ላለው እሰጥ ነበር። የቃኘው ልጆች ከክቡር ዘበኛ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ የወጡ ናቸው፤ ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን አጥተው፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጡ ተመለሱ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረው ደግሞ የዚያው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ፤ በደቡብ በኩል መዋጋት የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚደበቅ ሆነ። «ቆርቆሮው እስከ 1983 ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ነበር» ያልሽኝን ዓረፍተ ነገር በጥያቄሽ መሀል እንደዋዛ ጥለሽው አልፈሻል። እኔን ከአሥራ ዘጠኙ ደብዳቤዎች ይልቅ ያስቆመኝ እሱ ነው።

ስለ እንጀራው። በእኛ አገር ልብ ወለድ የሚያሳትም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ራሱ ይከፍላል፤ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ድርሻውን ያነሣል፤ ያልተሸጠው ወደ ቤትሽ ይመለሳል። ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ዋጋ ጠይቀሽ ሠንጠረዡን ራስሽ ሥሪው፤ ያ ቁጠባሽ ለኑሮ ሳይሆን ለኅትመት እንደሚያስፈልግሽ ያኔ ታያለሽ። እስከዚያው ፈቃድሽን ተጠቀሚ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ይጨምራል፤ በአምስት ዓመት 18 ደርሶልሻል። ቅዳሜ ከሰዓቱንም ጨምሪበት። ከመንገዱ የምታገኚው ሙያ፣ ማለትም የድሮ የእጅ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ቃለ መጠይቅ መቅዳት፣ የተበተነ ማስረጃ በቀን ቅደም ተከተል ማስያዝ፣ ከልብ ወለዱ ቀድሞ ሊከፍልሽ ይችላል። ባንኮች የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ የታሪክ መጽሐፍ ያሳትማሉ፤ ሒሳብም ታሪክም የሚገባው ሰው ሲፈልጉ ደግሞ በቀላሉ አያገኙም። የራስሽን ባንክ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሄደሽ አነጋግሪ።

መልቀቂያውን የምናነሣው አሥራ ዘጠኙም ደብዳቤዎች ፎቶ ተነሥተው፣ ፊደል በፊደል ተገልብጠው (የሳቱትን ፊደል ሳታርሚ)፣ በ«እሱ» የተጻፉ አርባ ገጾች ስትልኪልኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አክስትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ደብዳቤዎቹን ለሴት አያትሽ ያነብላቸው የነበረው ማን ነው? ከአሥራ ዘጠኙ ያላነበበላቸው፣ ወይም አሳጥሮ ያነበበላቸው ነበረ?