ሄዝልነቱን የለቀመው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የብስኩት ፋብሪካ የግዢ ክፍል እሠራለሁ። ለክሬማችን የምንጠቀምበት ሄዝልነት (ቅርፊት ያለው እንደ ለውዝ የሚበላ የተክል ፍሬ) የሚመጣው ከቱርክ ነው። ደንበኞቻችን «ሕፃናት የለቀሙት አለመሆኑን በምን እንወቅ?» እያሉ መጠየቅ ሲጀምሩ ለአቅራቢያችን ጻፍኩ። እርሱም በአንድ ገጽ ደብዳቤ «ምርታችን የአገሪቱን የሠራተኛ ሕግ የጠበቀ ነው» ብሎ መለሰልኝ። አለቃዬ «ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስገቢና ሥራሽን ቀጥዪ» ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?
የግዢ ሠራተኛዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤው ውሸት የለበትም፤ ተንኮሉም እዚያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የቱርክ የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 4857፣ 50 እና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸውን የእርሻና የደን ሥራዎች ከነጭራሹ አይመለከትም። የሄዝልነት ማሳ ደግሞ አብዛኛው ከጥቂት ሄክታር የማይበልጥ የቤተሰብ ይዞታ ነው። 50 ሰው ቀርቶ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስገባ ገበሬ ብዙ አይደለም። እንግዲህ አቅራቢሽ የማለልሽ ማሳው ድረስ በማይዘልቅ ሕግ ነው። ደብዳቤውን ፋይል አድርጊው፤ ግን «መልስ ያልተገኘላቸው» በሚለው ፋይል ውስጥ ይሁን።

ፍሬው በማን እጅ እንደሚያልፍ ልንገርሽ። ከዓለም ሄዝልነት ከግማሽ የሚበልጠውን የምታመርተው ቱርክ ናት። ተክሉ የሚበቅለው በጥቁር ባሕር ዳርቻ ነው፤ በምሥራቅ በኦርዱ፣ በጊሬሱንና በትራብዞን፣ በምዕራብ ደግሞ በሳካርያና በዱዝጄ። በምሥራቁ ክፍል ማሳው ገደል ነው ማለት ይቻላል። መኪና አይወጣውም፤ ለቃሚው ቅርንጫፉን እያጎበጠ በእጁ ይለቅማል፣ ጆንያውንም በጀርባው ያወርዳል። ለቀማው ነሐሴ ላይ ይጋጋላል። ባለማሳው ብቻውን ስለማይችለው ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ከሻንሊኡርፋ፣ ከዲያርባኪርና ከማርዲን፣ በአብዛኛው የኩርድ ቤተሰቦች ይመጣሉ። የሶርያ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሶርያውያን ስደተኞች ተጨመሩባቸው።

እነዚህን ቤተሰቦች ከባለማሳው ጋር የሚያገናኛቸው ዳይባሺ የሚባለው የሠራተኛ ደላላ ነው። ብዙ ጊዜ በብርዱ ወራት፣ እጅ ሲያጥር፣ ቅድሚያ ገንዘብ የሚያበድራቸውም እርሱ ነው። በደንቡ መሠረት የደላላውን ዋጋ መክፈል ያለበት አሠሪው ነው። በተግባር ግን ከለቃሚው ደመወዝ ላይ ይቆረጣል፤ የተለመደውም ከመቶ አሥር ነው። ዕዳ ይዞ የመጣ፣ ከቀን ሒሳቡም የሚቆረጥበት አባት ልጁ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲውል አይፈቅድም። ልጁን ቤት ትቶት እንዳይመጣም የሚጠብቅለት ሰው የለም። ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ሲከፈት ቤተሰቡ ገና ሌላ ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የተደበቀ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናት ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የቱርክ ሄዝልነት አለበት። ቱርክ ራሷ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚሠሩትን ወቅታዊ የእርሻ ሥራ ለሕፃናት ከተከለከሉት እጅግ የከፉ ሥራዎች መድባዋለች። የአውሮፓ የቸኮላትና የብስኩት አምራቾች ማኅበር ካኦቢስኮ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ሆኖ በለቀማው ወራት ለሠራተኞች ልጆች የክረምት ትምህርት እንዲሰጥ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» የሚል አቅራቢ ካጋጠመሽ ጨዋነት በተሞላበት ቃል ደንቆኛል በይው።

አሁን እንደገና ጻፊለት። ስለ ሕግ አትጠይቂው። ባለፈው ለቀማ የቀን ሒሳቡ ስንት ነበር? የተከፈለው ለለቃሚው በእጁ ነው ወይስ በደላላው በኩል? የደላላውን ድርሻ የሸፈነው ማን ነው? ለቃሚዎቹ ያደሩት የት ነው፤ ውኃና መጸዳጃስ ነበራቸው? እነዚህን መመለስ የሚችለው ለቀማው ሲካሄድ ማሳው ድረስ ሰው የላከ ብቻ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም ታስበልጫለሽ፦ ስንት ሕፃናት ሲሠሩ አገኛችሁ፤ ከዚያስ ምን አደረጋችሁ? «አንድም አላገኘንም» ካለሽ ተጠራጠሪው። እኔ ብሆን «ይህን ያህል አገኘን፤ እነዚህን ትምህርት አስገባን፤ እነዚህ ደግሞ አምልጠውናል» ከሚለኝ ጋር እዋዋላለሁ።

ፍሬው ከየት መንደር እንደመጣ ጠይቂ። ገበሬው ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ማናቭ ለሚባለው የአካባቢው ነጋዴ ነው። ማናቩ የብዙ ገበሬዎችን ምርት ያደባልቃል፤ ከዚያ ወደ መፈልፈያ፣ ከዚያም ወደ ላኪው ይሄዳል። አቅራቢሽ የማናቮቹን ስም እንኳ መዘርዘር ካልቻለ ስለ ማሳው የሚነግርሽ ሁሉ ግምት ነው። የምስክር ወረቀት ካመጣም ሳትቸኩዪ አንብቢው። አንዳንዱ ፍሬው ራሱ ከተመሰከረለት ማሳ መምጣቱን ያረጋግጣል። አንዳንዱ ግን የመጠን ሚዛን ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ኩንታል የተመሰከረለት ተገዝቷል፣ በጆንያሽ ውስጥ ያለው ግን የየትኛውም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዋጋ የለውም አልልም፤ በማሸጊያው ላይ የምትጽፉትን ግን ይወስናል።

የመጨረሻው ለአለቃሽ ነው። እኛ የግዢ ሰዎች የታወቀ ጠባይ አለን፤ ለአቅራቢው የሥነ ምግባር ደንብ በኢሜይል እንልክና በማግስቱ ዋጋ እንዲቀንስ እንጨቀጭቀዋለን። ማናቩ ያንን ቅናሽ ከገበሬው ያወርደዋል፤ ገበሬው ሊያወርደው የሚችለው ከለቃሚው ላይ ብቻ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል ግቡ፤ የደላላው ክፍያና የለቃሚዎቹ ማደሪያም በዋጋው ውስጥ ለብቻው ተጽፎ ይታይ። ጭማሪው ስንት እንደሆነ ሲያየው አለቃሽ መጮኹ አይቀርም። ይጩኽ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጣጣ ካለው ቱርክን ትቶ ከጣሊያን ወይም ከአሜሪካ መግዛት አይሻልም? እዚያ የሚለቅመው መኪና ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።
አነስተኛ የቸኮላት ሥራ ያለኝ አንባቢ

መልስ፦ እውነት ነው ጌታዬ፤ በኦሪገን ዊላሜት ሸለቆ ፍሬው በስሎ መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ መኪና ጠርጎ ይሰበስበዋል። የአሜሪካ ሄዝልነት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ ነው። ለመኪናው ግን መሬቱ ሜዳና የተላጨ መሆን አለበት፤ ያንን በአረም ማጥፊያ ካደረጉት ጥያቄው ከለቃሚው ወደ አፈሩ ይዞራል። በጣሊያን ቪተርቦ በቪኮ ሐይቅ ዙሪያ ማሳው እየሰፋ ሲሄድ ወደ ሐይቁ የሚታጠበው ማዳበሪያ አልጌ አብዝቶ የአካባቢውን ሰው ሲያነታርክ ኖሯል። ስለዚህ እዚያም ቢሄዱ የሚጠይቁት አያጡም፤ ጥያቄው ብቻ ይለወጣል።

ለአነስተኛ ሥራ ጥቂት ኩንታል ከጣሊያን ፒየሞንቴ ማግኘት ይችሉ ይሆናል። ፋብሪካዎች ግን ቱርክን ትተው የሚሄዱበት በቂ ምርት ሌላ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደይ ውርጭ የጥቁር ባሕርን አበባ ሲያቃጥለው ዋጋው በመላው ዓለም ናረ። የኑቴላ አምራች ፌሬሮ በዚያው ዓመት የገዛው ኦልታን የተባለውን ትልቅ የቱርክ ሄዝልነት ነጋዴ ነው፤ ወደ ምንጩ ተጠጋ እንጂ አልሸሸም። እርስዎም ቢተዉት ከሻንሊኡርፋ የሚነሣው ቤተሰብ በሚቀጥለው ነሐሴ መንገድ መጀመሩ አይቀርም። የሚጎድለው ጠያቂ ገዢ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አፍላቶክሲን የጤና ጉዳይ ነው። ከዘላቂነት ጋር ምን አገናኘው?
የላቦራቶሪ ባለሙያ

መልስ፦ አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ሻጋታው የሚገባው በአብዛኛው ፍሬው እርጥብ መሬት ላይ ሲሰጣ ወይም ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ሲከተት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በቀጥታ ለምግብ የሚቀርብ ሄዝልነት አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላው ደግሞ ከ10 መብለጥ የለበትም። ካለፈ ጭነቱ ይመለሳል ወይም ይወገዳል፤ የዓመት ውኃ፣ መሬትና ጉልበት አብሮ ይጣላል ማለት ነው። ለማድረቂያ መሬት የሚነጠፍ ሸራና የእርጥበት መለኪያ ለማናቩ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ የተመለሰ ኮንቴይነር ጋር አይወዳደርም። ናሙናውንም ወደብ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ከመፈልፈያው ሳይወጣ ይውሰዱት።