ልጅሽ ፒያኖ ከጀመረች እነዚህን አሰሚያት

እህቴ፣ «ልጄ ፒያኖ ጀምራለች፤ ከክላሲክም ከጃዝም ከዘፈንም የምትወዷቸውን ፒያኒስቶች ንገሩኝ» ላልሽው፣ እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

1. ግሌን ጉልድ፣ የክላሲክ ፒያኒስት። የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» የተባለ ድርሰት በ1955 ቀረጸው፣ በ1981 ደግሞ እንደገና። የመጀመሪያው ይፈጥናል፤ የኋለኛው ሰከን ያለ ነው። ሁለቱንም አከታትለሽ አሰሚያት። እየተጫወተ ሲያንጎራጉርም ይሰማል፤ ልጄ እሱን በጣም ነው የወደደችው።

2. ኒና ሲሞን፣ አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ፒያኒስት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የልጄ የመጀመሪያ አስተማሪ «ጃዝና ዘፈን ጣት ያበላሻል» ብሎ ከለከላት። ቤት ውስጥ እንኳ እንዳትሰማ! ያን ሁሉ ብር እየከፈልኩ ልጄ ፒያኖውን ስታይ ይከፋት ጀመር። ለምን ብዬ ስጠይቀው «እርስዎ ሙዚቃ አያውቁም» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኒና ሲሞን እኮ የተማረችው ክላሲክ ነው! ፊላደልፊያ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከርቲስ ኢንስቲትዩት አልቀበልም ሲላት ነው እንጀራዋን ፍለጋ ባር ውስጥ መጫወትና መዝፈን የጀመረችው። «ላቭ ሚ ኦር ሊቭ ሚ» የሚለውን ዘፈኗን ክፈቺላት። መሃሉ ላይ ሁለቱ እጆቿ ልክ እንደ ባኽ ድርሰት ዜማ ይቀባበላሉ። ከርቲስ በ2003 ልትሞት ጥቂት ቀን ሲቀራት የክብር ዲግሪ ሰጣት። እንግዲህ የማን ጣት ነው የተበላሸው?

ኪት ጃሬትም ጃዝ ተጫዋች ሆኖ ባኽን ቀርጿል። በ1975 ጀርመን ኮሎኝ ከተማ ላይ የቀረበለት ፒያኖ ትንሽ ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ የደከመ፣ ቀጭኑ ጆሮ የሚወጋ። እሱ ግን የፒያኖው መሃል ላይ እያተኮረ፣ በግራ እጁ አንዱን ዜማ እየደጋገመ፣ ያለ ኖታ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተበት። ቤታችሁ ያለው ፒያኖ አሮጌ ከሆነ ይህን ንገሪያት።

የእኛዎቹን ደግሞ ለመጨረሻ አታቆዪ። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ በ2023 እስኪያርፉ ድረስ የኖሩት ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን ነው። ፒያኖአቸው ላይ የቤተክርስቲያን ዜማም አለ፣ የአውሮፓ ክላሲክም አለ። ግርማ ይፍራሸዋ ያሬድ ትምህርት ቤት ከዚያም ቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ፣ የክላሲኩን ደራሲ ሾፓንንም የራሱን ኢትዮጵያዊ ድርሰቶችም ይጫወታል።

ልጄ አሁን እንግዳ ሲመጣ ሳትለመን የእማሆይን ትጫወታለች። አስተማሪውን ቀየርነው። አንቺም ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት አስተማሪው ራሱ ቤቱ ምን እንደሚያዳምጥ ጠይቂው። አንድ ጃዝ ተጫዋች እንኳ ካልጠራልሽ ሌላ ፈልጊ።