መድኃኒት የሚለምደው ማነው? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ አንቲባዮቲክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር አሞክሳሲሊን ገዝቼ እወስዳለሁ። ድሮ በሦስት ቀን ይሻለኝ ነበር፣ አሁን እንጃ። ሰውነቴ ለመደው እንዴ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሰውነትሽ አልለመደውም። የሚለምደው ባክቴሪያው ነው። ደግሞ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፤ ቫይረስን አሞክሳሲሊን አይነካውም። ድሮም የተሻለሽ በራሱ ጊዜ ይሆናል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ባክቴሪያው መድኃኒት እንደመጣበት በምን አውቆ ነው ራሱን የሚቀይረው?

መልስ፦ አያውቅም! ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ ሁለት ይሆናል። በተከፈለ ቁጥር 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደል ያለውን ዲኤንኤውን፣ ማለትም የዘር መመሪያውን፣ ይገለብጣል፤ በኩራዝ ብራና እንደሚጽፍ ሰው ታዲያ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል። ሚውቴሽን ማለት ይኸው ነው። አብዛኛው ስህተት ለውጥ አያመጣም፣ አንዳንዱ ራሱን ባክቴሪያውን ይገድለዋል፣ ከስንት ሚሊዮን አንዱ ላይ ግን ስህተቱ መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ቅርጽ ይለውጥና ሪፋምፒሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ሲመጣ የሚይዘው ያጣል። ሌሎቹ ያልቃሉ፣ እሱ ይቀራል፣ ቦታውም ምግቡም ለብቻው። መድኃኒቱ ለይቶ አስቀረው እንጂ አላስተማረውም። ሉሪያ እና ዴልብሩክ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በ1943 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ ይዘው ሲሞክሩ፣ የሚቋቋሙት ቫይረሱ ሳይመጣ በፊት እንደነበሩ አሳይተዋል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ይሄ ነገር በዓይን ይታያል?

መልስ፦ ይታያል፣ እኔ የምወደውም ሥራ እሱ ነው። ከሽንት ወይም ከመግል ያሳደግነውን ባክቴሪያ ሳህን ላይ እንቀባና መድኃኒት የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበታለን። በማግስቱ መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይኖራል። ካልሠራ ባክቴሪያው ወረቀቱ ድረስ ተጠግቶ ይበቅላል። አንዳንዴ ደግሞ ጥርት ባለው ክብ መሀል ሁለት ሦስት ነጠብጣብ ብቅ ብለው ታገኛለህ። ሌላ ጀርም ገብቶ ካልሆነ፣ እነዚያ ናቸው የተረፉት።

ጥያቄ፦ ለቲቢ ለምንድነው አራት መድኃኒት የሚሰጠው? አባቴን ክኒኑ ሰለቸው።

መልስ፦ እግዜር ይማርልህ። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም የቲቢ ባክቴሪያ በግምት ከ100 ሚሊዮን አንድ ነው፤ ሌላውን የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድን የሚቋቋም ከሚሊዮን አንድ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚቋቋም ለማግኘት ስንት ባክቴሪያ እንደሚያስፈልግ አባዛው፣ 1 እና 14 ዜሮ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ያን ያህል አይኖርም። አንዱን እየወሰደ ሌላውን ከተወ ግን ስሌቱ ፈረሰ። ስለዚህ ጋሼን ክኒን እንዳይመርጡ ለምናቸው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽንም አክታ ውስጥ የሚፈልገው ያንኑ የሪፋምፒሲን ሚውቴሽን ነው፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ያሳውቃል።

ጥያቄ (ከቦርከና ዳር)፦ ዶሮ አረባለሁ፣ ውሃቸው ላይ ቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ እጨምራለሁ። የዶሮው ጀርም ከኔ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ባክቴሪያ የተረፈበትን ጂን (የዲኤንኤ ቁራጭ) ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ዘሩ ባይሆንም። ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ነው የሚያቀብለው። የዶሮው አንጀት ውስጥ የተመረጠው በኩሱ፣ በእጅህ፣ በውሃው አድርጎ ወደ ቤትህ ይገባል። ዶሮዎቹ ካልታመሙ ተወው፣ ከታመሙ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

ጥያቄ፦ ፌጦና ማር መውሰድስ?

መልስ፦ ማሩ ለሳል ደህና ነው። የሳንባ ምች ከሆነ ግን ፌጦውን ትተህ ሐኪም ቤት ሂድ።